ለኅብረ ድምፅ ልምምድ የሚሆን ዜማ ከወዴት ይገኛል?
(የላስታን ዜማዎች ምሳሌ በማድረግ የቀረበ ጥናት)

ኅብረ ድምፅን፥ ማለት ፈረንጆች «ሃርሞኒ» የሚሉትን ትምህርት፥ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ይኸውም የዜማ እጦት ነው። ኮርድ እንዴት እንደሚሠራ ዐውቋል፤ አራቱን ድምፆች፥ ሶፕራኖን፥ አልቶን፥ ቴኖርንና ባስን፥ አንዱን ከሌላው በላይ መደርደር ተምሯል፤ ነገር ግን እጁን የሚያፍታታበት ዜማ የለውም። በመማሪያው መጽሐፍ የተሰጡት መልመጃዎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ተማሪው በሕይወቱ ሰምቷቸው የማያውቃቸው የባሕር ማዶ መዝሙሮች ናቸው። ስለዚህ ልምምዱ እንደ ሒሳብ ስሌት ይሆንበታል፤ ቁጥሩ ይገጥማል፥ ጆሮው ግን ምንም አይሰማም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑን ማመልከት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው ሆኖብን እንጂ ዜማው በየደጃችን ሞልቷል። የሆነ ሆኖ የራሳችንን ዜማ ወስደን የመጽሐፉን ሕግ እንዳለ ብንጭንበት ዜማው ይበላሻል። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ እንመርምር። ዜማውን ከየት እናገኛለን? ካገኘነውስ በኋላ ከሥሩ የትኛውን ድምፅ እናኑር?

አንዳንድ ወንድሞች «ሃርሞኒ የፈረንጅ ጥበብ ነውና በፈረንጅ ዜማ መማር ይገባል» ይላሉ። ይህ አስተያየት የትምህርቱን ታሪክ ካለመመልከት የመጣ ነው። የጀርመኑ ሙዚቀኛ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ (1685–1750 እ.ኤ.አ.) ያቀናበራቸው ባለ አራት ድምፅ መዝሙሮች እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር ለሃርሞኒ ተማሪ መልመጃ ሆነው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ዜማ የባኽ ድርሰት አይደለም። የአገሩ ምእመናን በየሰንበቱ የሚዘምሩትን፥ ሕፃናትም ሳይቀሩ በቃላቸው የሚያውቁትን ዜማ ወስዶ ነው ከሥሩ ሦስት ድምፅ የጨመረበት። እንደዚሁም በ1906 እ.ኤ.አ. ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ የተባሉት የሀንጋሪ ሙዚቀኞች ከገበሬው አፍ ከሰበሰቡት መካከል 20 ዘፈኖችን በፒያኖ አጅበው አሳትመዋል። ከዚህ የምንረዳው፥ ዛሬ «የመጽሐፍ ሕግ» የምንለው ነገር በመጀመሪያ የአንድ አገር ሰው ዜማ የወለደው መሆኑን ነው። ታዲያ የእኛ ዜማ ምን ሕግ ይወልድ ይሆን ብሎ መጠየቅ የተማሪ ፋንታ ነው።

ሀ. ለልምምድ የሚመች ዜማ ጠባዩ

ደስ የሚል ዜማ ሁሉ ለጀማሪ ልምምድ አይስማማም። ከሚከተሉት አምስት ጠባዮች ቢያንስ አራቱን የያዘውን መምረጥ ይሻላል።

1ኛ. አጭር ይሁን፤ ከ4 እስከ 8 ባር ያህል ቢሆን ይበቃል።
2ኛ. ከዝቅተኛው ድምፅ እስከ ከፍተኛው ያለው ርቀት ከአንድ ኦክታቭ አይለፍ፤ ይህ ከሆነ ሌሎቹ ድምፆች ከሥሩ ቦታ ያገኛሉ።
3ኛ. ምቱ የተመጠነ ይሁን፤ በጭብጨባ ወይም በከበሮ ሊከተሉት የሚቻል።
4ኛ. ማረፊያው የታወቀ ይሁን፤ ዜማው የት እንደሚተነፍስና የት እንደሚያልቅ የማያጠራጥር።
5ኛ. ተማሪው በቃሉ የሚያውቀው ይሁን፤ ያላወቁትን ዜማ አጅቦ አበላሽቶት እንደሆነ የሚናገር ጆሮ የለምና።

በዚህ ሚዛን ስንመዝን ቀረርቶ፥ ሽለላና እንጉርጉሮ ምንም እንኳ የጥበባችን አለኝታ ቢሆኑ ለመጀመሪያው ዓመት አይመከሩም። ምታቸው በዘፋኙ ትንፋሽ የሚረዝምና የሚያጥር ስለ ሆነ ከሥሩ የሚቆመው ድምፅ መቼ መለወጥ እንዳለበት ለመወሰን አስቸጋሪ ነው። እነርሱ ለኋላ ይቆዩ።

ለ. በላስታ የሚገኙት የዜማ ምንጮች

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር እስከ ላሊበላ ከተማ ድረስ ያለውን የላስታን ደጋ የሚያውቅ ሰው፥ እዚያ ዘፈን እንደ ቀን መቁጠሪያ ከወቅት ጋር እንደሚዞር ያስተውላል። ወቅቱን የተከተለ ዜማ ደግሞ ለመሰብሰብ ይመቻል፤ በየዓመቱ ስለሚመለስ ዘንድሮ ያመለጠንን ለከርሞ እንሰማዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የልጃገረዶች በዓል አሸንድዬ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፥ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፥ ልጃገረዶች በዓሉ የሚጠራበትን ቅጠል በወገባቸው አስረው ከበሮ እየመቱ ይጫወታሉ። ይኸው በዓል በዋግ ኽምራ ሻደይ፥ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ለእኛ ጥናት ዋናው ነገር የአዘፋፈኑ ሥርዓት ነው። አንዲት ልጅ ታወጣለች፥ ሌሎቹ በአንድነት ይቀበላሉ። ተቀባዮቹ የሚይዙት ሐረግ አጭር፥ በየጊዜው የሚደጋገምና ማረፊያው ግልጽ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸውን ጠባዮች አሟልቶ የሚገኝ ከዚህ የተሻለ ዜማ ማግኘት ያዳግታል። ሦስቱን በዓላት የሚያውቅ ተማሪ ደግሞ የአንዱን ወረዳ ዜማ ከሌላው ጋር ሊያስተያይ ይችላል።

ሁለተኛው የገና ጨዋታ ዘፈን ነው፤ ይህም የወንዶች ነውና ድምፁ ወፍራም፥ ምቱም የሩጫና የዱላ ምት ነው። ሦስተኛው የሥራ ዘፈን ነው። በደቦ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ጊዜ የሚወጣው ዜማ ከማጭድና ከዱላ ምት ጋር ስለሚሄድ ባሩን ለመቁጠር አያስቸግርም። አራተኛው የሠርግ ዘፈን፥ አምስተኛው የእናቶች እሹሩሩ ነው። እሹሩሩ በጥቂት ድምፆች ብቻ የሚመላለስ ስለ ሆነ ለመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ እርሱን የሚያህል የለም። ስድስተኛው የእረኛ ዋሽንት ነው፤ ቃል ስለሌለው ዜማውን ብቻ ለማዳመጥ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምቱ ልቅ ነውና ከውስጡ አንድ ሐረግ ቆርጦ መውሰድ ያሻል።

ከእነዚህ ሁሉ ለየት የሚሉት ላሊበሎች ናቸው። እነዚህ በአንዳንድ አገር አሚናዎች የሚባሉት፥ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በየሰው ደጅ እየቆሙ የሚዘፍኑና የሰጣቸውን የሚመርቁ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ይዘፍናሉ፤ አንዱ ግጥሙን ሲያወርድ ሌላው ያለ ቃል በዜማ ብቻ ይቀበለዋል፤ አንዳንዴም የአንዱ ድምፅ ሳያልቅ የሌላው ይነሣል። አገሩ በአንድ ድምፅ ይዘፍናል ሲባል የሰማ ተማሪ ይህን ቢያዳምጥ ሁለት ድምፅ እንዴት ተቻችሎ እንደሚሄድ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጃፉ ይማራል። አዝማሪም እንዲሁ ነው፤ መሰንቆው ዘፋኙን ይከተላል፥ ግን እንደ ጥላ አይደለም፤ አንዱን ድምፅ ያስረዝማል፥ ሌላውን ይከፋፍላል፥ ዘፋኙ ሲያርፍ እርሱ ይናገራል።

ሐ. ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ

ላሊበላ ሲነሣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ «ከዝማሬው ወስደን ለምን አንለማመድም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለት ነገር ያስታውሰናል። አንደኛ፥ ዜማው ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት ስልቶች፥ እንደዚሁም ይዘት፥ ደፋት፥ ጭረት፥ ርክርክና ሌሎችም የተባሉ ምልክቶች ያሉት፥ መምህሩና ተማሪው ብዙ ዓመት የሚደክሙበት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ምልክቶቹም አንድን ነጠላ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የድምፅን አካሄድ የሚያሳዩ ናቸው። ይህን ሁሉ ትቶ ዜማውን በሰባት ኖታ ላይ አስጥቶ ኮርድ ማልበስ፥ ቋንቋውን ሳያውቁ ቅኔ እንደ መፍታት ነው። ሁለተኛ፥ ዜማው ጸሎት ነው፤ የጸሎት ባለቤቶች ደግሞ አሉ። እነርሱ ያልፈቀዱትን ነገር ለቤት ሥራ ማዋል አይገባም።

ይህ ማለት ግን አናዳምጥ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 29 ቀን በልደት በዓል በላሊበላ በቤተ ማርያም የሚዜመውን ቤዛ ኩሉ የሰማ ሰው ስለ ድምፅ አሰላለፍ ትልቅ ትምህርት ያገኛል። ከካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በዓለቱ ጠርዝ ዙሪያ፥ ግማሾቹ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ይቀበላል። የላዮቹ የመላእክት፥ የታቾቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው ይባላል። እዚህ ላይ ኮርድ የለም፤ ዜማው አንድ ነው። ነገር ግን ከፍታና ዝቅታ፥ ጥያቄና መልስ፥ የድምፅ ክብደት አለ። ብዙ ድምፅ ማለት ብዙ ኖታ ማለት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ከቤተ ክርስቲያን የምንወስደው ይህን ማስተዋል ነው፤ ዜማውን ግን ከአሸንድዬ፥ ከደቦና ከእሹሩሩ እንውሰድ።

መ. ቅኝቱ ምን ይፈቅዳል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ዓለማዊ ዜማዎቻችን በብዛት የሚዘፈኑባቸው አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን ልብ ይሏል። በትምህርት ቤት በሚሰጡበት መልክ፥ መነሻውን ዶ አድርገን ብንጽፋቸው እንደሚከተለው ይሆናሉ። («ዝቅ ያለ» ስንል በግማሽ ድምፅ የወረደ ማለታችን ነው።)

ትዝታ፦ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ።
ባቲ፦ ዶ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ሲ።
አምባሰል፦ ዶ፥ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ሶል፥ ዝቅ ያለ ላ።
አንቺ ሆዬ፦ ዶ፥ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ዝቅ ያለ ሶል፥ ላ።

ትዝታና ባቲ ማይነር የሚባል ሁለተኛ መልክ አላቸው፤ በትዝታ ሚና ላ፥ በባቲ ሚና ሲ ዝቅ ይላሉ። ደግሞም የገጠር ዘፋኝና ክራር መቺ ድምፁን ከፒያኖ ቁልፍ ጋር አያስተካክልም፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ሰንጠረዥ የመንገድ ምልክት እንጂ መንገዱ አይደለም።

ከዚህ ቀጥለን በየቅኝቱ ውስጥ ባሉት አምስት ድምፆች ብቻ ስንት ሙሉ ኮርድ መሥራት እንደሚቻል እንቁጠር። በትዝታ ሁለት ብቻ እናገኛለን፤ ዶ–ሚ–ሶል እና ላ–ዶ–ሚ። በባቲም ሁለት ናቸው፤ ዶ–ሚ–ሶል እና ሚ–ሶል–ሲ። በአምባሰል፥ ዝቅ ካለው ሬ ላይ አንድ (ሬ–ፋ–ላ፥ ሬና ላ ዝቅ ብለው)፥ ከፋ ላይ አንድ (ፋ–ላ–ዶ፥ ላ ዝቅ ብሎ) ይሠራል። የሚያስደንቀው ግን በራሱ በመነሻው በዶ ላይ ኮርድ አለመኖሩ ነው፤ ከዶ በላይ ሦስተኛ የሚሆን ሚ በቅኝቱ ውስጥ የለምና። ዶ የሚያገኘው አራተኛውን ፋንና አምስተኛውን ሶልን ብቻ ነው። በአንቺ ሆዬ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል፤ ሶል ዝቅ በማለቱ ዶ ንጹሕ አምስተኛም የለውም። ፋ–ላ–ዶ የሚለው ኮርድ ግን ሙሉ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ የመጽሐፉን ሕግ ስናስታውስ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ይገለጽልናል። መጽሐፉ እያንዳንዱ ሐረግ ሲያልቅ ሶል–ሲ–ሬ የሚለው ኮርድ ወደ ዶ–ሚ–ሶል እንዲያርፍ ያዝዛል። በትዝታ ውስጥ ግን ሲ የለም። ተማሪው ሕጉን ለመፈጸም ሲል ሲን ከውጭ ያስገባል፤ ቀጥሎም ፋን ያስገባል፤ ከጥቂት ባር በኋላ ዜማው ትዝታነቱን ይለቅና የባዕድ አገር መዝሙር ይሆናል። በአምባሰል ደግሞ በመጨረሻው ዶ ሥር ሚን ቢያስገባበት፥ አምባሰልን አምባሰል ያሰኘው ያ ክፍት የሆነ ስሜት ይጠፋል። ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይታይም፤ መምህሩም «ትክክል» ሊለው ይችላል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፤ በዚህ መንገድ ለዓመታት የተለማመደ ጆሮ በመጨረሻ የእናቱን እሹሩሩ እንኳ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ብሎ መስማት ይጀምራል።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚሆነው ደንብ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከቅኝቱ አምስት ድምፆች አትውጣ። ሙሉ ኮርድ በማይገኝበት ቦታ አራተኛን ወይም አምስተኛን ብቻ አስቀምጥ፤ ወይም አንድ ድምፅ ሳይለወጥ ከሥር እንዲቆይ አድርግ። ሙሉ ሦስት ድምፅ ያልሆነ ኮርድ ጎዶሎ ነው ብለህ አትፈር።

በዚህ መንገድ የቀደሙን ሰዎች አሉ። ግብፃዊው ሙዚቀኛ ሀሊም ኤል-ዳብ በ1963 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ባቋቋመ ጊዜ ክራርን፥ መሰንቆን፥ በገናንና ዋሽንትን በአንድነት አሰልፎ አጫውቷል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደ የእረኛውን ዋሽንት ለኦርኬስትራ ድርሰት አውለውታል። ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን ድምፆች ከጃዝ ኮርዶች ጋር አገናኝተዋል። ግርማ ይፍራሸዋ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበማቸው ውስጥ «አምባሰል»ን በፒያኖ ተጫውተዋል። ሁሉም አንድ መንገድ አልተከተሉም፤ ከአምስቱ ድምፅ የወጡም አሉ። ነገር ግን ቅኝቱን ዐውቆ ከቅኝት መውጣትና ሳያውቁ መውጣት አንድ አይደሉም።

ሠ. አንድ ምሳሌ

ይህ መጽሔት በማባዣ የሚወጣ ስለ ሆነ የኖታ መሥመር ማተም አልተቻለም፤ ስለዚህ ድምፆቹን በስማቸው እንጽፋለን። ዜማው በአውጪና በተቀባይ ሥርዓት ለዚህ ትምህርት የተሠራ ነው። ቅኝቱ ትዝታ ነው፤ እያንዳንዱ ባር አራት ምት አለው።

አውጪ፦ ሶል ላ ሶል ሚ / ሬ ሚ ሬ ዶ
ተቀባይ፦ ዶ ሬ ሚ ሬ / ዶ ላ ዶ ዶ
(በመጨረሻው ባር ያለው ላ ከዶ በታች ያለው ነው።)

ባሱን እንደሚከተለው እናድርገው።

ለአውጪው፦ ዶ ዶ ዶ ዶ / ሶል ሶል ሶል ዶ
ለተቀባዩ፦ ላ ላ ዶ ሶል / ላ ዶ ዶ ዶ

ምክንያቱን እንመልከት። በአንደኛው ባር ዶ–ሚ–ሶል ሳይለወጥ ይቆያል፤ ላ በመካከል አልፎ ሂያጅ ነው። በሁለተኛው ባር ሬ ሲመጣ መጽሐፉ ሲን ይጠይቃል፤ እኛ ግን ሶልንና ሬን ብቻ እናሰማለን፤ አልቶና ቴኖር እነዚህኑ ይደግማሉ። ማረፊያው ሲ ባይኖርም ባሱ ከሶል ወደ ዶ በመሄዱ ይታወቃል። ሦስተኛው ባር በላ ላይ በመጀመሩ የተቀባዮቹ ድምፅ ጠቆር ብሎ ከአውጪዋ ይለያል። እዚህ ላይ ባሱ በላ ላይ ቆይቶ በቀጥታ ወደ ሶል ቢወርድ፥ ዜማው ደግሞ ከሚ ወደ ሬ ስለሚወርድ፥ ሁለቱ አምስተኛን እንደ ያዙ አብረው ይወርዱ ነበር፤ ባሱ በመካከሉ ዶን የረገጠው ይህን ለማስቀረት ነው። በአራተኛው ባር ዜማው ከዶ ወደ ላ ሲሄድ ባሱ ከላ ወደ ዶ ይሄዳል፤ ማለት ቦታ ይለዋወጣሉ። በባሱ ውስጥ ያሉት ድምፆች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከቅኝቱም የወጣ የለም።

አሁን አንባቢ በራሱ እንዲሠራ ሦስት መልመጃ እንስጥ። አንደኛ፥ ይህንኑ ዜማ በትዝታ ማይነር፥ ሚንና ላን ዝቅ በማድረግ ይሥራው፤ ባሱ ውስጥ ያለው ላም አብሮ ዝቅ እንደሚል አይርሳ። ሁለተኛ፥ ከሚያውቀው እሹሩሩ አንድ ሐረግ ወስዶ ከሥሩ አንድ የማይለወጥ ድምፅ ብቻ ያቁም፤ በገና ደርዳሪ ያንኑ ድምፅ እየመላለሰ ሲመታ ያስብ። ሦስተኛ፥ አንድ የአምባሰል ዜማ መርጦ መጨረሻውን በዶና በሶል ብቻ፥ ያለ ሦስተኛ፥ ያሳርፍ፤ ከዚያም ሚን ጨምሮ ልዩነቱን በጆሮው ይመርምር።

ረ. ስለ አሰባሰብ

ዛሬ ድምፅ መቅረጫ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ለመሰብሰብ ያለን ችግር የመሣሪያ ሳይሆን የትዕግሥትና የጨዋነት ነው። ከመቅረጽ በፊት ማስፈቀድ፥ ለምን እንደምንፈልገውም መናገር ይገባል። ለላሊበላና ለአዝማሪ ድምፁ እንጀራው ነው፤ ሰምቶ ሳይሰጡ መሄድ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ ቀርጾ ሳይሰጡ መሄድም ነውር ነው። የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ፥ ወቅቱንና ሥራውን እንመዝግብ፤ «አሸንድዬ» ብቻ ብለን ብንጽፍ ከየትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ ነገ የሚያስታውስ አይኖርም። ዜማውን ወደ ኖታ ከመለወጣችን በፊት በአፋችን እንዝፈነው፤ የዘፈኑልንም ሰዎች ባሉበት ብንዘፍነው ያርሙናል። ሃርሞኒውን ሠርተን ስንጨርስም መልሰን እናሰማቸው። «ይህማ የእኛ ነው» ካሉ ተሳክቶልናል፤ «ይህ ደግሞ የማን ነው?» ካሉ ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ መምህር አይገኝም።

ከእኛ መካከል ለክረምት ዕረፍት ወደ ላስታ፥ ወደ ራያና ወደ ዋግ የሚሄድ ብዙ ነው። እያንዳንዱ አራት አራት ባር የሆኑ አምስት ዜማዎች ይዞ ቢመለስ፥ ሃያ ተማሪዎች በአንድ ክረምት መቶ መልመጃ ያገኛሉ ማለት ነው። በየዓመቱ የምናማርርበት የመጽሐፍ እጥረት በአንድ በዓል ሰሞን ይቃለላል፤ ከኋላችን የሚመጡትም ተማሪዎች የሃርሞኒን ትምህርት የሚጀምሩት ሰምተውት በማያውቁት መዝሙር ሳይሆን እናታቸው ባስተኛቻቸው ዜማ ይሆናል። ነሐሴ 16 ቀን ሩቅ አይደለምና ከወዲሁ እንዘጋጅ።